ያገለገለ የቅንጦት መኪና የተራዘመ ዋስትና

የተራዘመ ዋስትና (በተለምዶ «የተራዘመ ዋራንቲ») የፋብሪካው ዋስትና ካበቃ በኋላ በመኪና ላይ የሚደርስን የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ ብልሽት ማስጠገኛ ወጪ ለመሸፈን በክፍያ የሚገባ ውል ነው። በተለይ በዩናይትድ ስቴትስ ያገለገለ የቅንጦት መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ውል መግዛት ወይም አለመግዛት በሚል ጥያቄ ፊት ይቆማል። እንዲህ ያሉ መኪናዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋጋቸው በእጅጉ ይወርዳል፤ የመለዋወጫቸውና የጥገናቸው ዋጋ ግን አብሮ አይወርድም። ስለዚህ ውሉ ለአንዳንዱ ገዢ ከባድ ዕዳን የሚያስቀር መከላከያ ሲሆን ለሌላው ደግሞ ምንም ያልተጠቀመበት ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ውሳኔው የሚወሰነው በአራት ነገሮች ነው፤ እነርሱም የመኪናው ዓይነትና ታሪክ፣ የውሉ ዋጋ፣ በውሉ ውስጥ የተጻፉት ገደቦች እና ባለቤቱ አንድ ትልቅ ጥገና በራሱ ገንዘብ መሸከም መቻሉ ናቸው።

## ስያሜና ምንነት

በአሜሪካ ሕግ «ዋስትና» እና «የአገልግሎት ውል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዋስትና አምራቹ ወይም ሻጩ ከዕቃው ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጠው ግዴታ ነው፤ ዋጋው በመኪናው ዋጋ ውስጥ ተካቷል። የአገልግሎት ውል ግን ለብቻው ተከፍሎበት የሚገዛ ነው። በገበያ ላይ «የተራዘመ ዋስትና» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ነገር በሕግ ዓይን የአገልግሎት ውል ነው።

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ፋብሪካው የሰጠው ዋስትና ፋብሪካውን ያስገድዳል። የአገልግሎት ውል ግን የሚያስገድደው በውሉ ላይ ግዴታ የገባውን ኩባንያ ብቻ ሲሆን፣ ይህ ኩባንያ ከመኪናው አምራች ጋር ምንም ግንኙነት ላይኖረው ይችላል።

በአንድ ውል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወገኖች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ውሉን የሚሸጠውና ከሽያጩ ትርፍ የሚያገኘው የመኪና ሻጭ ነው። ሁለተኛው የጥገና ጥያቄዎችን የሚቀበልና ውሳኔ የሚሰጥ አስተዳዳሪ ኩባንያ ነው። ሦስተኛው በሕግ የመክፈል ግዴታ ያለበት ባለግዴታ ነው። አራተኛው ባለግዴታው መክፈል ቢያቅተው ከኋላ ሆኖ የሚሸፍን የመድን ድርጅት ነው። አንዳንድ ጊዜ አንድ ኩባንያ ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ሥራ ይዞ ይገኛል። ገዢው ፊት ለፊት የሚያገኘው የመጀመሪያውን ብቻ ቢሆንም ገንዘቡ መከፈል አለመከፈሉ የሚወሰነው በቀሩት ሦስቱ ነው።

## ታሪክና ሕግ

ያገለገለ መኪና ገበያ ችግርን በኢኮኖሚክስ ትምህርት ታዋቂ ያደረገው አሜሪካዊው ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ሲያውቅ ገዢው ግን የማያውቅ ከሆነ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ተገቢውን ዋጋ ስለማያገኝ ከገበያው እንደሚወጣ አስረዳ። ዋስትና ይህን የእውቀት ልዩነት ከሚያጠቡ መንገዶች አንዱ መሆኑንም ጠቅሷል። አከርሎፍ ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር በ2001 የኖቤል ሽልማት በኢኮኖሚክስ ተሸልሟል።

በአሜሪካ ጉዳዩን የሚገዛው ዋናው የፌዴራል ሕግ በ1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙት የማግነሰን–ሞስ የዋስትና ሕግ ነው። ሕጉ ለዚህ ርዕስ ጠቃሚ የሆኑ ሦስት ነገሮችን ይደነግጋል።

- የዋስትናና የአገልግሎት ውል ቃላት ግልጽና በቀላሉ የሚገቡ መሆን አለባቸው።
- ዋስትና ሰጪ ባለቤቱ የግድ የራሱን መለዋወጫ ወይም የራሱን ጋራዥ እንዲጠቀም የዋስትናው ቅድመ ሁኔታ ሊያደርግ አይችልም፤ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነጻ ካልሰጠ ወይም ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር።
- ሻጩ ራሱ በሽያጩ ጊዜ ወይም በ90 ቀናት ውስጥ የአገልግሎት ውል ከገባ፣ ዕቃው ለተለመደ አገልግሎቱ ብቁ ነው የሚለውን በሕግ የሚታሰብ ዋስትና ሊሽር አይችልም።

ሁለተኛው ደንብ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1984 ያወጣው ያገለገሉ መኪናዎች ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት በዓመት ከአምስት በላይ ያገለገሉ መኪናዎችን የሚሸጥ ነጋዴ በእያንዳንዱ መኪና ላይ «የገዢ መመሪያ» የሚባል ወረቀት መለጠፍ አለበት። ወረቀቱ መኪናው ዋስትና ያለው ወይም «እንዳለ» የሚሸጥ መሆኑን፣ እንዲሁም የአገልግሎት ውል የሚቀርብ መሆኑን ያሳያል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የሽያጩ ውል አካል ይሆናል። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ ስላለው የመሰረዝ መብትና የገንዘብ ተመላሽ ደንብ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

## የቅንጦት መኪና ለምን ይለያል

### የፋብሪካ ዋስትና የሚያበቃበት ጊዜ

በአሜሪካ ገበያ የቢኤምደብሊው፣ የመርሴዲስ ቤንዝ፣ የአውዲ፣ የፖርሽና የቮልቮ አዲስ መኪናዎች መደበኛ ዋስትና 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል (80,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ዋስትናውን ይዘጋዋል። ሌክሰስ በዚሁ ላይ ለሞተርና ለካምቢዮ 6 ዓመት ወይም 70,000 ማይል ይሰጣል። ብዙዎቹ የቅንጦት መኪናዎች በሦስት ዓመት ኪራይ ስለሚወጡ ወደ ሁለተኛው ገዢ የሚደርሱት ዋስትናው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሦስተኛው ገዢ ደግሞ ያለ ምንም ዋስትና ይረከባል።

አንዳንድ ክፍሎች ግን ከዚህ በላይ ይሸፈናሉ። በፌዴራል ሕግ የጭስ ማጣሪያው (ካታሊቲክ ኮንቨርተር) እና ልቀትን የሚቆጣጠረው ዋና ኮምፒውተር 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ዋስትና አላቸው። በደኅንነት ጉድለት ምክንያት በአምራቹ የተጠራ መኪናም ዋስትና ኖረም አልኖረም፣ መጀመሪያ ከተሸጠ 15 ዓመት እስካላለፈው ድረስ በነጻ ይጠገናል። በነጻ የሚገኘውን ነገር በውል እንደገና መግዛት ስለማያስፈልግ መጀመሪያ የመኪናውን የ17 ፊደልና አሃዝ መለያ ቁጥር ይዞ የቀረ ዋስትናና ያልተፈጸመ ጥሪ መኖሩን ማጣራት የተለመደ ምክር ነው።

### የዋጋ መውረድና የጥገና ዋጋ

አዲስ ሳለ 90,000 ዶላር የተሸጠ መኪና ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በኋላ በ18,000 ዶላር ሊገኝ ይችላል። ይሁን እንጂ መኪናው የ18,000 ዶላር መኪና ክፍሎች የሉትም፤ መለዋወጫው፣ የመመርመሪያ መሣሪያውና የመካኒኩ የእጅ ዋጋ ሁሉ የ90,000 ዶላር መኪና ነው። አንድ ትልቅ ጥገና የመኪናውን የገበያ ዋጋ ሲሶ ወይም ግማሽ ሊወስድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለወጪው መብዛት ምክንያት የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን «የቅንጦት» ያሰኙት ነገሮች ናቸው።

- የአየር ተሸካሚ፦ በብረት ሞላ ፈንታ በአየር የተሞሉ የጎማ ከረጢቶችን የሚጠቀም ሲሆን ጎማው በዕድሜ ይሰነጠቃል። አየር ሲያመልጥ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ እርሱም ይቃጠላል።
- ባለ ተርቦ ትልልቅ ሞተሮች፦ ለምሳሌ ቢኤምደብሊው ከ2008 ጀምሮ የተጠቀመበት ኤን63 የተባለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ተርቦዎቹ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ተቀምጠዋል። በዚያ የሚከማቸው ሙቀት ዙሪያውን ያሉ የጎማና የፕላስቲክ ክፍሎችን ያደርቃል፤ ሞተሩ ዘይት በመጨረስም ይታወቃል።
- ለመድረስ አስቸጋሪ የሆኑ ክፍሎች፦ በ2000ዎቹ በተሸጠው ባለ ስምንት ሲሊንደር አውዲ ኤስ4 የሞተሩ የጊዜ ሰንሰለት ያለው ከኋላ፣ በካምቢዮው በኩል ነው። ሰንሰለቱን ወይም መወጠሪያውን ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ስለዚህ ከመለዋወጫው ይልቅ የእጅ ዋጋው ይበልጣል።
- ኤሌክትሮኒክስ፦ የመቀመጫ፣ የመብራት፣ የካሜራና የድምፅ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮምፒውተር አላቸው። የተቀየረው ክፍል ከመኪናው ጋር በልዩ መሣሪያ እንዲተዋወቅ ስለሚያስፈልግ ተራ ጋራዥ ሥራውን ላይጨርሰው ይችላል።

የቅንጦት መኪና ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የሌክሰስ መኪናዎች በአስተማማኝነታቸው ለብዙ ዓመታት የታወቁ ሲሆን ሬንጅ ሮቨርና ትልልቅ የጀርመን ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪናዎች በጥገና ወጪያቸው ይታወቃሉ። ውል ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ ዋጋውን የሚተምኑት በሞዴል፣ በዕድሜና በተጓዘው ርቀት ነው።

## የውል ዓይነቶች

### በሰጪው ሲከፈሉ

የአምራቹ የራሱ ውል በአምራቹ ወይም በእህት ኩባንያው ስም የሚሸጥ ነው። ጥገናው በአምራቹ ወኪል ጋራዥ በአዲስ ኦሪጅናል መለዋወጫ ይሠራል፤ በክፍያ ላይ የሚነሳው ክርክርም አነስተኛ ነው። ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል፤ ብዙ ጊዜም የሚሸጠው የፋብሪካው ዋስትና ሳያልቅ ብቻ ነው።

የተረጋገጠ ያገለገለ መኪና የሚባለው ደግሞ ራሱ መኪናው በአምራቹ ወኪል ተመርምሮ ከተጨማሪ ዋስትና ጋር ሲሸጥ ነው። ለምሳሌ ሌክሰስ በዚህ መንገድ ለሚሸጣቸው መኪናዎች የርቀት ገደብ የሌለው የሁለት ዓመት ዋስትና ይሰጣል። የዋስትናው ዋጋ በመኪናው ዋጋ ላይ ስለሚጨመር ነጻ አይደለም፤ ግን እውነተኛ የአምራች ዋስትና ነው።

የሦስተኛ ወገን ውል ከአምራቹ ጋር ግንኙነት የሌለው ኩባንያ የሚሰጠው ነው። በመኪና መሸጫዎች፣ በስልክና በማስታወቂያ የሚሸጠው አብዛኛው ውል ይህ ነው። ጥራቱ ከሁሉም በላይ የሚለያየውም በዚህ ክፍል ነው።

በአንዳንድ ግዛቶች ከእነዚህ ሌላ የሜካኒካል ብልሽት መድን ይገኛል። ይህ በመድን ድርጅት የሚሸጥና በግዛቱ የመድን ተቆጣጣሪ ሥር ያለ ሲሆን በብዛት የሚቀርበው ለአዳዲስ መኪናዎች ብቻ ነው።

### በሽፋን ስፋት ሲከፈሉ

በዝርዝር የሚሸፍን ውል የሚሸፈኑትን ክፍሎች አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ በዝርዝሩ ያልተጠቀሰ ነገር አይሸፈንም። ከሁሉ ጠባቡ የሞተር፣ የካምቢዮና የኃይል ማስተላለፊያ ክፍሎችን ብቻ ይይዛል። በተቃራኒው የማይሸፈነውን ብቻ የሚዘረዝር ውል አለ፤ በዝርዝሩ ያልተጠቀሰ ሁሉ ይሸፈናል። ይህ ሰፊው ዓይነት ነው።

ለቅንጦት መኪና ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሞተርና ካምቢዮ ብቻ የሚሸፍን ርካሽ ውል የአየር ተሸካሚን፣ የመቀመጫ ሞተሮችንና ኮምፒውተሮችን፣ ማለትም ቶሎ ቶሎ የሚበላሹትን ነገሮች ሳይሸፍን ይቀራል። ሻጮች ለውሎቻቸው የሚሰጧቸው የወርቅ፣ የፕላቲነምና የመሳሰሉት ስሞች አንድ ወጥ ትርጉም የላቸውም። የአንዱ «ፕላቲነም» ከሌላው «ወርቅ» ሊጠብብ ይችላል።

## ከሽፋን ውጭ የሚሆኑ ነገሮች

በሁሉም ውል ማለት ይቻላል የማይሸፈኑ ነገሮች አሉ። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ዘይት፣ ማጣሪያ፣ የዝናብ መጥረጊያና ሌሎች በአገልግሎት የሚያልቁ ዕቃዎች በባለቤቱ ወጪ ይቀየራሉ። በአደጋ የደረሰ ጉዳት የመድን ጉዳይ ነው። ክርክር የሚያስነሱት ግን የሚከተሉት ናቸው።

- ቀድሞ የነበረ ብልሽት፦ ውሉ ከመገባቱ በፊት የጀመረ ችግር አይሸፈንም። ብዙ ውሎች ይህን ለመከላከል 30 ቀንና 1,000 ማይል የሚቆይ የመጠበቂያ ጊዜ ያስቀምጣሉ።
- የሰርቪስ ማስረጃ፦ ዘይትና ማጣሪያ በአምራቹ የጊዜ ሰሌዳ መሠረት መቀየራቸውን የሚያሳይ ደረሰኝ ካልቀረበ ክፍያ ሊከለከል ይችላል። ዘይቱን ራሱ የሚቀይር ባለቤትም የገዛበትን ደረሰኝ ከቀኑና ከማይሉ ጋር መያዝ አለበት።
- ተያያዥ ጉዳት፦ ያልተሸፈነ ክፍል ተበላሽቶ የተሸፈነውን ካበላሸ ብዙ ውሎች ሁለቱንም አይከፍሉም። የውኃ ቱቦ ፈንድቶ ሞተር ሲግል ጥያቄው የሚሆነው ቱቦው በሽፋኑ ውስጥ መኖሩ ነው።
- ዝግ ያለ ማለቅ፦ አንዳንድ ውሎች የሚከፍሉት ክፍሉ ድንገት ሲሰበር እንጂ ቀስ በቀስ በማለቁ ዘይት ሲጨርስ ወይም ሲያንጠባጥብ አይደለም።
- የተለወጠ መኪና፦ የሞተሩ ኮምፒውተር ተነክቶ ጉልበቱ ከጨመረ ወይም የማይገጥም ጎማ ከተገጠመለት ውሉ ሊፈርስ ይችላል።
- የንግድ አገልግሎት፦ በታክሲ፣ በኪራይ ወይም በመተግበሪያ በሚሰጥ የጉዞ አገልግሎት ላይ የዋለ መኪና ተጨማሪ ክፍያ ያለበት ልዩ ሽፋን ካልተገዛለት ብዙ ጊዜ አይሸፈንም።

## ጥገናው የሚጠየቅበት ሥርዓት

መኪናው ሲበላሽ ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። ጋራዡ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለአስተዳዳሪው ኩባንያ ደውሎ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ያለ ፈቃድ የተሠራ ጥገና በውሉ የሚሸፈን ቢሆን እንኳ ላይከፈል ይችላል።

ምክንያቱ በውጭ ካልታየ ኩባንያው ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ተፈትቶ እንዲታይ ያዛል። ለመፍታቱ ኃላፊነት የሚወስደው ባለቤቱ ነው። ብልሽቱ የሚሸፈን ሆኖ ከተገኘ የመፍታቱ ዋጋ ይከፈላል፤ ካልሆነ ግን ባለቤቱ ከተፈታ ሞተርና ከመፍቻው ሒሳብ ጋር ይቀራል። ከዚያ በኋላ ኩባንያው የራሱን መርማሪ ልኮ መኪናውን ሊያሳይ ይችላል፤ በዚህ መካከል ቀናት ያልፋሉ።

ፈቃድ ሲሰጥም የሚከፈለው ሁሉም ላይሆን ይችላል። ባለቤቱ በእያንዳንዱ ጥገና ወይም ወደ ጋራዥ በገባ ቁጥር የሚከፍለው ተቀናሽ አለ። በአንድ ጉብኝት 200 ዶላር የሚቀነስበት ውልና በእያንዳንዱ ብልሽት 200 ዶላር የሚቀነስበት ውል ሦስት ነገሮች አብረው ሲበላሹ የ400 ዶላር ልዩነት አላቸው። ብዙ ውሎች በሰዓት ለሚከፈል የእጅ ዋጋ ጣሪያ ስለሚያስቀምጡ የአምራቹ ወኪል ጋራዥ ከዚያ በላይ የሚያስከፍል ከሆነ ትርፉን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ያገለገለ ወይም የታደሰ መለዋወጫ እንዲገጠም የሚፈቅድ አንቀጽም የተለመደ ነው። ከዚህም ሌላ የክፍያው ጠቅላላ ድምር በአብዛኛው ከመኪናው የገበያ ዋጋ ሊበልጥ አይችልም።

## ዋጋና ስሌት

የአገልግሎት ውል የመድንን ስሌት ይከተላል። ኩባንያው ከሚሰበስበው ገንዘብ ጥገናውን፣ የሻጩን ድርሻ፣ የማስታወቂያና የአስተዳደር ወጪውን ሸፍኖ ማትረፍ ስላለበት አማካዩ ገዢ ከሚከፍለው ያነሰ ያገኛል። የተጠቃሚዎች ተቆርቋሪ የሆነው ኮንሲዩመር ሪፖርትስ በ2014 ባወጣው የዳሰሳ ጥናት የተራዘመ ዋስትና ከገዙት ባለመኪናዎች 55 በመቶ የሚሆኑት በውሉ ጊዜ ውስጥ አንድም ጊዜ ለጥገና አልተጠቀሙበትም ነበር። ጥናቱ የቅንጦት መኪናዎችን ብቻ የተመለከተ አይደለም።

አማካዩ ግን ሁሉንም ሰው አይገልጽም። አሜሪካዊው የመኪና ጸሐፊ ዳግ ደሙሮ የ2006 ሞዴል ያገለገለ ሬንጅ ሮቨር ከረጅም ጊዜ ውል ጋር ገዝቶ፣ ለውሉ ከ4,000 ዶላር ያነሰ ከፍሎ፣ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚሆን ጥገና እንደተሠራለት በተከታታይ ጽፏል። ታሪኩ የታወቀው ብርቅ ስለሆነ ነው፤ ሆኖም ውሉ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ባለ መኪና ላይ መሆኑን ያሳያል።

### የስሌት ምሳሌ

ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። የሦስት ዓመት ውል በ4,200 ዶላር ቀርቧል፤ ተቀናሹ 200 ዶላር ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሊደርስ የሚችለው እንዲህ ይገመት፦

- 50 በመቶ ዕድል፦ የሚሸፈን ብልሽት የለም፤ ውሉ የሚከፍለው 0
- 30 በመቶ ዕድል፦ የ2,500 ዶላር ጥገና፤ ውሉ የሚከፍለው 2,300
- 15 በመቶ ዕድል፦ የ6,000 ዶላር ጥገና፤ ውሉ የሚከፍለው 5,800
- 5 በመቶ ዕድል፦ የ11,000 ዶላር ጥገና፤ ውሉ የሚከፍለው 10,800

እያንዳንዱ ክፍያ በዕድሉ ተባዝቶ ሲደመር 690፣ 870 እና 540፣ በጠቅላላው 2,100 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ ገዢው በአማካይ 2,100 ዶላር የሚያወጣ ነገር በ4,200 ዶላር ይገዛል። ቀሪው 2,100 ዶላር የእርግጠኝነት ዋጋ ነው። ከአምስት ጥያቄዎች አንዱ ይከለከላል ተብሎ ቢገመት የውሉ ጥቅም ወደ 1,680 ዶላር ይወርዳል። በድርድር ዋጋው ወደ 2,800 ዶላር ከወረደ ግን ልዩነቱ ከመጀመሪያው ግምት 700 ዶላር ብቻ ይሆናል። የውል ዋጋ በመኪና መሸጫ የሚደራደሩበት እንጂ የተቆረጠ ዋጋ አይደለም።

### በብድር ሲገዛ

ብዙ ገዢዎች የውሉን ዋጋ በመኪናው ብድር ላይ ያስጨምራሉ። ከላይ ያለው 4,200 ዶላር በ9 በመቶ የዓመት ወለድ ለ60 ወራት ሲበደር በወር 87 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ወለዱ ብቻ ከ1,000 ዶላር ያልፋል። ውሉ በ36ኛው ወር ሲያልቅ ክፍያው ሁለት ተጨማሪ ዓመት ይቀጥላል። በወር የሚከፈለው አነስተኛ መስሎ ስለሚታይ ገዢው ጠቅላላውን ድምር ሳያስብ ይፈርማል።

### በራስ ቁጠባ መተካት

ዋናው አማራጭ የውሉን ዋጋ ለጥገና ማስቀመጥ ነው። 4,200 ዶላር ለ36 ወራት ሲከፋፈል በወር 117 ዶላር ያህል ነው። መኪናው ካልተበላሸ ገንዘቡ የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል፤ ተቀናሽ፣ ፈቃድና ክርክር የለም። የዚህ መንገድ ድክመት ጊዜ ነው። ካምቢዮው በአራተኛው ወር ቢበላሽ የተቆጠበው 468 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ በራስ ቁጠባ መተማመን የሚስማማው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአንድ ትልቅ ጥገና ገንዘብ በእጁ ላለው ሰው ነው።

## ለማን ይጠቅማል

ውሉ ይበልጥ የሚጠቅመው መኪናው በጥገና ውድነቱ የታወቀ ሲሆን፣ ባለቤቱ ውሉ እስኪያልቅ መኪናውን ለመያዝ ሲያስብ፣ የሰርቪስ ደረሰኞች ተሟልተው ሲገኙ፣ ውሉ የማይሸፈነውን ብቻ የሚዘረዝር ሰፊ ዓይነት ሲሆን እና የ5,000 ወይም የ6,000 ዶላር ወጪ ድንገት ቢመጣ የባለቤቱን ኑሮ የሚያናጋ ሲሆን ነው።

በተቃራኒው መኪናው አስተማማኝ ሞዴል ከሆነ፣ የአምራቹ ዋስትና ገና ብዙ ጊዜ ከቀረው፣ ባለቤቱ በዓመት ጥቂት ማይል ብቻ የሚነዳ ከሆነ ወይም ቁጠባ ካለው ውሉ ብዙም አያስፈልግም።

በእነዚህ መካከል አንድ አስቸጋሪ ሁኔታ አለ። ውሉ በጣም የሚያስፈልገው ሰው፣ ማለትም ቁጠባ የሌለውና ብዙ ማይል የተጓዘ የቅንጦት መኪና የሚገዛው፣ ውሉንም ለመክፈል አቅም የሚያንሰው ሰው ነው። መኪናውንም ውሉንም በብድር ከገዛ ለአንድ ብልሽት ሳይሆን ለተቀናሹ፣ ላልተሸፈነው ጎማና ለፍሬኑም ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ገዢ ከውሉ በፊት የሚነሳው ጥያቄ የመኪናው ምርጫ ራሱ ነው።

ከውሉም ሆነ ከቁጠባው በፊት የሚመጣው ሥራ ግዢው ሳይፈጸም መኪናውን በዚያ ዓይነት መኪና ላይ በሠለጠነ ገለልተኛ መካኒክ ማስመርመር ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ዶላር አይበልጥም። ምርመራው የተጀመረ ብልሽት ካሳየ ዋጋ ለማስቀነስ ወይም ግዢውን ለመተው ይረዳል፤ ምንም ካልተገኘ ደግሞ ብልሽቱ ከውሉ በፊት የነበረ አለመሆኑን ለማሳየት የሚጠቅም ወረቀት ይሆናል።

## ማጭበርበርና የኩባንያ መክሰር

የውሉ ገበያ በአሜሪካ ብዙ ክስ ተመሥርቶበታል። የመኪና ዋስትናዎ ሊያልቅ ነው በሚል በስልክና በፖስታ ይሸጥ የነበረው ዩኤስ ፊደሊስ የተባለ የሚዙሪ ኩባንያ በ2010 ለኪሳራ ማመልከቻ አቀረበ፤ ሁለቱ መሥራቾቹም በ2012 ጥፋተኝነታቸውን አመኑ። በ2023 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በዚሁ ርዕስ ከአምስት ቢሊዮን በላይ አውቶማቲክ የስልክ ጥሪዎች ባደረገ ቡድን ላይ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ጣለ። በ2024 ደግሞ ካርሺልድ እና አጋሩ አሜሪካን ኦቶ ሺልድ ማስታወቂያቸው ስለ ሽፋኑ ያሳስታል በሚል ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የቀረበባቸውን ክስ 10 ሚሊዮን ዶላር በመክፈል ለመጨረስ ተስማሙ።

ማጭበርበር ባይኖርም ባለግዴታው ሊከስር ይችላል። በ2003 የብዙ ውሎች መድን ሰጪ የነበረው ናሽናል ዋራንቲ በኬይማን ደሴቶች ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ሲደረግ በርካታ አሜሪካውያን ባለመኪናዎች የከፈሉበት ሽፋን አጠራጣሪ ሆነባቸው። በዚህ ምክንያት የውሉን ባለግዴታ ስም፣ ከኋላው ያለውን የመድን ድርጅትና በግዛቱ መመዝገቡን ማጣራት ከሽፋኑ ዝርዝር እኩል ክብደት ይሰጠዋል።

## መሰረዝና ማስተላለፍ

ውል መግዛት የመኪና ብድር ለማግኘት ግዴታ ነው የሚል ሻጭ ቢኖር የብድር ወረቀቱን በመጠየቅ ወይም አበዳሪውን በማነጋገር ማረጋገጥ ይቻላል። በአብዛኞቹ ውሎች ገዢው በመጀመሪያዎቹ 30 ወይም 60 ቀናት ውስጥ ጥገና ካልጠየቀ ሙሉ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ተመላሹ በቀረው ጊዜ ወይም ማይል ልክ ይሰላል፤ የስረዛ ክፍያም ይቀነስበታል። ውሉ በብድር ከተገዛ ተመላሹ የሚሄደው ወደ አበዳሪው ስለሆነ የወሩ ክፍያ ሳይሆን የዕዳው መጠን ይቀንሳል። መኪናው ሲሸጥ ብዙ ውሎች በአነስተኛ ክፍያ ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፋሉ፤ መኪናው ለነጋዴ ከተሸጠ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይተላለፉም።

## በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው በታክሲና በመተግበሪያ የጉዞ አገልግሎት የሚተዳደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስላሉ የንግድ አገልግሎትን የሚከለክለው አንቀጽ ለእነርሱ ልዩ ትርጉም አለው። የቅንጦት መኪና ገዝቶ በከፍተኛ ደረጃ የጉዞ አገልግሎት የሚያሰማራ አሽከርካሪ ብዙ ማይል ስለሚነዳ ውሉ የሚያስፈልገው መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን መደበኛው ውል በዚህ ሥራ ላይ የዋለን መኪና ላይሸፍን ይችላል። የንግድ አገልግሎት በጽሑፍ የተፈቀደበት ውል ካልሆነ ከፍተኛ ማይሉ ራሱ ለመከልከል ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። የፌዴራል ደንቡ ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ የገዢው መመሪያ በስፓኒሽ እንዲቀርብ ያዛል፤ ለአማርኛ ግን እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም። ሻጩ በአማርኛ ያስረዳው ነገር በእንግሊዝኛ በተጻፈው ውል ውስጥ ካልተገኘ የሚጸናው የተጻፈው ነው።

በአሜሪካ የሚሸጡ ውሎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ ለሚደረግ ጥገና ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናውን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ የሚያስብ ሰው መኪናው ከአገር ሲወጣ ሽፋኑ አብሮት አይሄድም። የቀረውን ጊዜ ገንዘብ ለማስመለስ ውሉን መሰረዝ ያለበት ራሱ ባለቤቱ ነው።